የቤት ደይኬር፦ በፈቃድ ወይስ ያለ ፈቃድ?

እህቴ፣ «ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነኝ፤ አራት የጎረቤት ልጆች ብቻ ያለ ላይሰንስ ብይዝ ችግር አለው?» ላልሽው፦ አዎ፣ አለው። የቨርጂኒያ ስቴት ላይሰንስ ግዴታ የሚሆነው ከራስሽ ልጆች ሌላ ከ5 እስከ 12 ልጅ ስትይዢ ነው። ብዙ ሰው ይህን ብቻ ሰምቶ ይሳሳታል፤ ፌርፋክስ ከ1 እስከ 4 ልጅ ለሚይዝም የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል። በሜሪላንድ ደግሞ ዘመድ ላልሆነ ለአንድ ልጅም በመደበኛነት መመዝገብ ያስፈልጋል።

ገቢውን አይተሽ ወደ ስቴቱ ላይሰንስ ካሰብሽ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፣ ዕድሜም ይታያል። እያንዳንዱ ልጅ እንደ ዕድሜው ነጥብ ይያዝለታል፤ አንድ ተንከባካቢ በድምሩ ከ16 ነጥብ ማለፍ አይችልም፤ እስከ 15 ወር ያለ ሕፃን 4 ነጥብ ነው፣ ከ16 እስከ 23 ወር 3፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት 2፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት 1። አራት ጨቅላ ከያዝሽ ሞላ ማለት ነው፤ አምስተኛ ለመጨመር ረዳት መቅጠር ሊኖርብሽ ነው። የራስሽ ትንንሽ ልጆችም እዚህ ላይ ይቆጠራሉ።

እኔ የምመክርሽ በካውንቲው ፈቃድ እንድትጀምሪ ነው። ልጅ ከመቀበልሽ በፊት ኢንሹራንስሽን ደውለሽ ጠይቂ፤ ተራ የቤት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ የደይኬር አደጋ አይሸፍንም። ተከራይ ከሆንሽ የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። አብሮሽ የሚኖር 18 ዓመት የሞላው ሁሉ የወንጀል ታሪኩ ስለሚጣራ ለባለቤትሽም ቀድመሽ ንገሪው።