የዕፅዋት ታኒን ፍሳሽ፦ ጉዳቱና ዳግም አጠቃቀሙ

ጥያቄ፦ በአንድ አነስተኛ የቆዳ ማልፊያ ውስጥ እሠራለሁ። ክሮም የተባለውን የብረታብረት ጨው ትተን በታኒን፣ ማለትም ከዛፍ ቅርፊት በሚወጣ ማልፊያ ንጥረ ነገር፣ ማልፋት ከጀመርን ወዲህ ባልደረቦቼ «ፍሳሹ የዕፅዋት ጭማቂ ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ ለመስኖም ይሆናል» ይላሉ። እኔ ግን ጥቁረቱን ሳይ አልተዋጠልኝም። ውኃውን ደግመን ብንጠቀምበትስ እስከ መቼ ያገለግላል? በቅርቡ ደግሞ በቆዳው ላይ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነጠብጣብ እየወጣ ነው። የአሮጌው ውኃ ጥፋት ይሆን?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ታኒን ዛፉን ከሻጋታ፣ ከባክቴሪያና ከነፍሳት የሚጠብቀው ከፕሮቲን ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ነው። ጥሬውን ቆዳ የማይበሰብስ የሚያደርገውም ይኸው ጠባዩ ሲሆን፣ በቆዳው ውስጥ ካለው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ይቀራል። ነገር ግን ከቆዳው ተርፎ በውኃው ውስጥ የቀረው ታኒን ጠባዩን አይለውጥም፤ ፍሳሽን ለማጣራት የምንተማመንባቸውን ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ያዳክማል፣ ራሱም የሚፈራርሰው በዝግታ ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ጥቁረቱ ብርሃንን ይጋርዳል፣ ቀስ በቀስ ሲበሰብስም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ለመስኖ ማዋሉንም አልመክርም፤ ፍሳሹ ከቆዳው የወጣ ጨውና አሲድ ስለሚይዝ አፈሩን ይጎዳል። ክሮምን መተው የክሮምን ችግር ያስቀራል እንጂ የፍሳሽን ችግር አያስቀርም። እንዲያውም ያገለገለ ክሮም በአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ንጥረ ነገር) አዝቅጦ፣ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ አሟሙቶ መጠቀም ስለሚቻል፣ በዚህ ረገድ ክሮም ከታኒን ይልቅ ይቀላል።

ደግሞ መጠቀምን በተመለከተ፣ በዕፅዋት የሚያለፉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩበት መንገድ ራሱ ውኃን መልሶ የመጠቀም ሥርዓት ነው። ገንዳዎች በተርታ ይደረደራሉ፤ አዲሱ ቆዳ መጀመሪያ የሚገባው ብዙ ባገለገለውና በደከመው ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ብርቱው ይዛወራል፤ ውኃው ደግሞ ተጣርቶ በተቃራኒው አቅጣጫ ከብርቱው ገንዳ ወደ ደካማው ይሸጋገራል። ይህ ለቁጠባ ብቻ የተደረገ አይደለም። ጥሬ ቆዳ በአንድ ጊዜ ብርቱ ታኒን ውስጥ ቢነከር ላዩ ቀድሞ ይጠነክርና መንገዱን ስለሚዘጋ መካከሉ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የደከመው ውኃ ጥቅሙ ያለቀ ሳይሆን የመጀመሪያውን ደረጃ ሥራ የሚሠራ ነው። ታኒን በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 5 አካባቢ ወደ ቆዳው ውስጥ በቀላሉ ይሰርጋል፤ ወደ 3.5 ሲወርድ ደግሞ አጥብቆ ይያያዛል። በየገንዳው ይህን መለካት ስለ ውኃው ዕድሜ ከመገመት ይሻላል።

ይሁን እንጂ ዙሩ ማለቂያ የሌለው አይደለም። ውኃው በተመላለሰ ቁጥር ከቅርፊቱ የወጣ ስኳር፣ ከቆዳው የመጣ ጨውና ፕሮቲን ይከማቹበታል፤ ፕሮቲኑ ከታኒኑ ጋር ዝቃጭ ይሠራል፣ ስኳሩም ይቦካል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የውኃውን ብርታት የሚለኩት በጥግግት መለኪያ ነው፤ መለኪያው ግን ታኒኑን ከጨውና ከስኳር ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ያረጀ ውኃ በመለኪያው ብርቱ መስሎ እየታየ በውስጡ ያለው ታኒን ጥቂት ሊሆን ይችላል። ከቆዳው ወፍራም ቦታ ቁራጭ ቆርጠው ጎኑን ይመልከቱ፤ መካከሉ ላይ የነጣ መስመር ካለ ታኒኑ ገና አልዘለቀም ማለት ነው። በቂ ጊዜ ተሰጥቶትም መስመሩ ካልጠፋ፣ መለኪያው ምንም ቢያሳይ ውኃው ደክሟል። በረቂቅ ቀዳዳ ማጣሪያ ማሳለፍም ይቻላል፤ ማጣሪያው ትልልቆቹን የታኒን ሞለኪውሎች ሲያስቀር ጨውና ስኳሩን ያሳልፋል። ዋጋው ከፍ ያለና ቶሎ የሚደፈን ስለሆነ ለአነስተኛ ማልፊያ ግን ቀዳሚ ምርጫ አላደርገውም።

በመጨረሻ የሚወገደውን ውኃ በኖራ ወይም በአልሙኒየም ሰልፌት ማከም አብዛኛውን ታኒን ያዘቅጠዋል፤ ቀሪው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ባዮሎጂያዊ ማጣሪያ ይገባል። ጨው ግን በዚህ አይወጣም፤ ጨዋማውን ውኃ ከመነሻው ለይቶ መያዝ የተሻለ ነው። አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፦ አሲድነት ያለውን የታኒን ውኃ፣ ፀጉር ከተላጨበት የኖራና የሰልፋይድ ውኃ ጋር በፍጹም አያደባልቁ። ሁለቱ ሲገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ይወጣል፤ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ የበሰበሰ እንቁላል ሽታው መጥፋቱ ደኅንነት አይደለም። የሰልፋይዱ ውኃ በራሱ ገንዳ፣ ማንጋኒዝ ሰልፌት ተጨምሮበት አየር እየተነፋበት ሰልፋይዱ ካለቀ በኋላ ብቻ ከሌላው ጋር ይቀላቀል። የሁለቱ ቦይ የተለያየ ካልሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ያስተካክሉ።

ነጠብጣቡን በተመለከተ፣ በአብዛኛው መንስኤው የውኃው ማርጀት ሳይሆን ብረት ነው። ታኒን ብረት ሲያገኝ ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ይሠራል፤ በጥንት ጊዜ ቀለም የሚበጠበጠውም በዚሁ መንገድ ነበር። የዛገ ባልዲ፣ ምስማር፣ የቧንቧ መጋጠሚያ ወይም ብረት ያለበት የጉድጓድ ውኃ ይበቃል። ከቆዳውና ከውኃው ጋር የሚነካካውን ሁሉ ወደ እንጨት፣ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይለውጡ። የወጣውን ነጠብጣብ በቀጭን የኦክሳሊክ አሲድ ብጥብጥ ማደብዘዝ ይቻላል፤ አሲዱ መርዛማ ስለሆነ ጓንት ያድርጉ፣ ቆዳውንም ደጋግመው በንጹሕ ውኃ ይለቅልቁት።