ወንድሜን ዛሬ ማታ የት ልውሰደው ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ወንድሜ ሦስት ሌሊት አልተኛም፣ ብሞት ይሻለኛል ይላል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን፣ ኢንሹራንስ የለውም፣ 911 እንዳልደውል ፖሊስ ፈራሁ» ያልሽውን አየሁት። እኔም አምና ታናሽ ወንድሜን ይዤ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ስንከራተት አድሬያለሁ።

በመጀመሪያ ዛሬ ብቻውን እንዳታሳድሪው፣ ቤት ያለውን ኪኒን ምናምን ሰብስበሽ መኪናሽ ውስጥ ቆልፊበት። ከዛ 988 ደውይ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብና የአእምሮ ጭንቀት ላለበት ሰው የሚደወልበት የአሜሪካ መስመር ነው፣ ነጻ ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ሰው ሲያነሳልሽ «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር» በይ በቃ። ቴክስቱ አማርኛ የለውም፣ ስለዚህ ደውይ። እሱ አላወራም ካለም አንቺ ስለሱ ማውራት ትችያለሽ፣ እኔ መጀመሪያ የደወልኩት እሱ እንዳይሰማኝ ሻወር ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ነው።

ቀጥሎ ሮክቪል፣ ፒካርድ ድራይቭ ላይ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ክራይሲስ ሴንተር አለ፣ እንዲህ ለተጨነቀ ሰው አስቸኳይ እርዳታ የሚሰጥ ቦታ ነው። ቀጠሮ የለ፣ ክፍያ የለ፣ ሌሊትም ይዘሽው ብትሄጂ ክፍት ነው። አልሄድም ካለሽ 240-777-4000 ደውይ፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ቡድን አላቸው። አሁኑኑ ራሱን ሊጎዳ ነው ካልሽ ግን 911 ነው፣ እዛ ላይ አታመንቺ። የአእምሮ ጤና ጉዳይ መሆኑን፣ መሣሪያ ከሌለው እንደሌለው ንገሪያቸውና ሲ አይ ቲ (የአእምሮ ጤና ችግር ያለበትን ሰው እንዴት እንደሚይዙ የሚማሩበት ሥልጠና) የሠለጠነ ፖሊስ ጠይቂ።

ኢንሹራንስ የለውም ብለሽ ከኢመርጀንሲ አትቅሪ። በፈረንጆች ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ ኢንሹራንስ ኖረውም አልኖረውም መርምረው ማረጋጋት ግዴታቸው ነው፣ ለቢሉ ደግሞ ሶሻል ወርከሯን የፋይናንሻል አሲስታንስ ፎርም ጠይቂያት። ጃኬትና ቻርጀር ያዢ፣ እኛ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ነው የጠበቅነው። የጫማውን ክር ሲያስፈቱት እንዳትደነግጪ፣ ለሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርጉት።

አደራ የምልሽ ግን አንቺ እንዳታስተረጉሚለት። እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ አስተረጎምኩ። ነርሷ ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ ጠይቂው ስትለኝ አፌ እምቢ አለ፣ ተሸክሜ ያሳደግኩትን ልጅ እንዴት ብዬ፣ «በጣም ከፍቶሃል እንዴ?» አልኩት፣ እሱም «ኧረ ደክሞኝ ነው» አለ፣ እኔም ደክሞት ነው ብዬ ነገርኳት። ወደ ቤት ሊሸኙን ትንሽ ነው የቀራቸው። ኋላ ሌላ ነርስ መጣችና ጎማ ባለው ስክሪን ኢንተርፕሬተር አገናኘችን፣ ድምጿ የትልቅ ሴት ነው፣ «ወንድሜ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አለችው፣ ቁርጥ አድርጋ። ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ፣ ከዛ ስክሪኑን እያየ «አዎ» አለ። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ሲያስበው ኖሯል! አንድ ቤት ነው የምንኖረው እኮ። ቀጥሎ እኔን ወደ ውጪ አስወጡኝ፣ ያኔ ነው ሁሉንም የነገራቸው። አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፣ ውለታ እየጠየቅሽ እንዳይመስልሽ።

እናታችን ከአዲስ አበባ በየቀኑ እየደወለች ጸበል ውሰዱት ትል ነበር። ወሰድነው፣ ኪኒኑንም አላቋረጠም፣ የንስሐ አባቱ ራሳቸው ናቸው መድኃኒትህን እንዳትተው ያሉት።

እኔ ዛሬ ማታ ሥራ የለኝም፣ መኪናም አለኝ፣ ሮክቪል ድረስ የሚያደርስሽ ካጣሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ ስልኬን ሳይለንት አላደርገውም።