«ተስማምተው ከፈረሙ መንግሥት ምን አገባው?» ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ «በክፍያ የሚደረግ ሰሮጌሲ ውስጥ መንግሥት ለምን ይገባል? ሁለት አዋቂ ወገኖች ተስማምተው ውል ከፈረሙ ሌላው ምን አገባው?» የሚል ነው። ሰሮጌሲ ማለት አንዲት ሴት ለሌሎች ሰዎች አርግዛ ወልዳ ልጁን የምትሰጥበት ነው፣ የምታረግዘዋም ምትክ እናት ትባላለች። ከሥር የመለሱልህ ሰዎች ግማሾቹ «ይከልከል»፣ ግማሾቹ «ይለቀቅ» ብለዋል። እኔ በአንድ ኤጀንሲ ውስጥ አስተባባሪ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጥንዶችንና ምትክ እናቶችን ማገናኘት፣ የሐኪም ቀጠሮ ማስያዝ፣ ክፍያ መከታተል፣ ሌሊት የሚጮኸውን ስልክ ማንሳት የእኔ ሥራ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ያየሁትን ልንገርህ፣ ረዘም ይላልና ታገሠኝ።

ነገሩ ሰላም ሲሆን ሕግ የሚያስታውስ ሰው የለም። ልጁ በጤና ይወለዳል፣ ጥንዶቹ በደስታ ያለቅሳሉ፣ ምትክ እናቷ ክፍያዋን ተቀብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እኔ እያለሁ አብዛኛው እንዲህ ነው ያለቀው። ችግሩ የተቀረው ነው።

አንዷን ላንሳልህ። እርግዝናዋ ስድስተኛ ወር ገደማ ሲደርስ ሐኪሙ «ከአልጋ እንዳትነሺ» አላት። የራሷ ልጆች ያሏት፣ ሠርታ የምታድር ሴት ናት። ሥራዋ ቀረ። ውሉ «የቀረባት ደመወዝ ይከፈላታል» ይላል፣ ግን ጣሪያ አለው። ጣሪያው ቶሎ ተነካ። ልጆቿን ለሚጠብቅላት ሰው የሚከፈል ነገር ደግሞ ውሉ ላይ ጭራሽ የለም። በዚህ መሀል ጥንዶቹ ተጣሉ። ባልየው «እሷን ጠይቁ» ይላል፣ ሚስትየዋ «እሱን ጠይቁ» ትላለች። ኤጀንሲያችን የደንበኞችን ገንዘብ የሚያስቀምጠው በራሱ ሒሳብ ነበር፣ ለቢሮ ኪራይና ለሠራተኛ ደመወዝም ያዞረዋል። «ጠበቃሽን አነጋግሪ» እንዳልላት፣ ጠበቃዋ የተባለው ሰው ኤጀንሲው የመረጠው፣ ኤጀንሲው የሚከፍለው፣ ውሉንም ራሱ ያረቀቀው ሰው ነው። በስልክ አነበበላት፣ «ገባሽ?» አላት፣ «አዎ» አለችው፣ ፈረመች። በመጨረሻ ልጁን አባትየው ወሰደው። የእሷ ቀሪ ክፍያ ግን ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነው የገባላት።

ታዲያ ተስማምታ ነበር? ወረቀቱን ካየህ፣ አዎ። ግን አንድ ተራ ዕቃ ስትሸጥ ገዢው ካልከፈለ ዕቃህን ትይዛለህ። እርግዝናን የት ትይዘዋለህ? ከተጀመረ በኋላ ምትክ እናቷ የመደራደር አቅም የላትም። ልጁ ደግሞ ምንም አልፈረመም።

የልጁን ነገር ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ህንድ ውስጥ የሆነውን ተመልከት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጃፓናውያን ጥንዶች በለጋሽ እንቁላል ፅንስ አሠርተው አንዲት ህንዳዊት አረገዘችላቸው። ልጅቷ ከመወለዷ በፊት ጥንዶቹ ተፋቱ። ሚስትየዋ አልፈልግም አለች። አባትየው ፈለገ፣ ግን የህንድ ሕግ ብቻውን የሚኖር ወንድ ሴት ልጅ በጉዲፈቻ እንዲወስድ አይፈቅድም። እንቁላል የሰጠች፣ ያረገዘች፣ ያስረገዘች ብለህ ሦስት እናት ትቆጥራለህ፣ በሕግ ፊት የቆመላት ግን አንዷም አልነበረችም። አያቷ ከጃፓን መጥታ ከወራት ደጅ ጥናት በኋላ ነው በሰብዓዊነት በተሰጠ ቪዛ የወሰደቻት። እዚህ ላይ ውል ነበር፣ ስምምነትም ነበር። የጠፋው «ጥንዶቹ ቢለያዩ ልጁ የማን ነው?» የሚለውን የሚመልስ ሕግ ነው። እንዲህ ያለውን ሁለት ሰዎች በውል ሊወስኑት አይችሉም፣ ምክንያቱም የልደት ምስክር ወረቀትና ፓስፖርት የሚሰጠው መንግሥት ነው። መንግሥት አይግባ ብትልም መጨረሻ ላይ መግባቱ አይቀርም። ዘግይቶ ሲገባ ነው ልጅ የሚንገላታው።

አሁን ደግሞ «ይከልከል» ለሚሉት። ክልከላ የሚያመጣውን ለማየት እስያን መመልከት ነው። ህንድ ለውጭ ዜጎች ደንቧን ስታጠብቅ ሥራው ወደ ኔፓልና ወደ ታይላንድ ሄደ። በ2015 ኔፓል በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ እስራኤል እዚያ የተወለዱላትን ሕፃናት በአውሮፕላን አስወጣች። ኔፓልም በዚያው ዓመት ዘጋች። ታይላንድ ደግሞ አንዲት ምትክ እናት ከወለደቻቸው መንታዎች አንደኛው፣ ዳውን ሲንድረም (ከልደት የሚመጣ የዕድገት እክል) ያለበት ሕፃን፣ እዚያው መቅረቱ በ2014 ዓለምን ካነጋገረ በኋላ በ2015 ለውጭ ዜጎች ከለከለች። ገበያው ወደ ካምቦዲያ ዞረ። ካምቦዲያ በ2016 መጨረሻ አገደችው፣ በ2018 ደግሞ ለሌላ ሰው ያረገዙ 32 ሴቶችን ይዛ በሰው ንግድ ከሰሰቻቸው። የተለቀቁት የሚወልዱትን ልጅ ራሳቸው እንዲያሳድጉ ግዴታ ገብተው ነው። አስበው፣ ደላላው ድንበር ተሻግሮ ይሠራል፣ ጥንዶቹ አገራቸው ናቸው፣ የታሰረችው ያረገዘችዋ ናት! ጣሊያን በበኩሏ በ2024 ዜጎቿ ውጭ አገር ሄደው ቢያደርጉት እንኳ እንዲቀጡ ደነገገች። ቢያንስ ቅጣቱ የሚያርፈው በፈላጊው ላይ ነው፣ በዚህ ከካምቦዲያው ይሻላል። ግን የተወለደው ልጅ ወረቀት ጉዳይ አሁንም አይፈታም።

ሦስተኛ መንገድ አለ፣ «ይፈቀድ ግን ያለ ክፍያ»። እንግሊዝ ከ1985 ጀምሮ የንግድ ድለላውን ከልክላ ምትክ እናቷ ወጪዋን ብቻ እንድትቀበል ታደርጋለች። ህንድም በ2021 ሕጓ ወደዚህ ዞራለች። ሐሳቡ ቅን ነው። ግን ሐኪሙ ይከፈለዋል፣ ላብራቶሪው ይከፈለዋል፣ ጠበቃው ይከፈለዋል። ዘጠኝ ወር ተሸክማ በቀዶ ጥገና ልትወልድ የምትችለዋ ብቻ «በፍቅር አድርጊው» ትባላለች። እኔ ይህ አይዋጥልኝም። ደግሞ ከቤተሰብ መሀል ሲሆን ጫናው ከገንዘብ የባሰ ሊሆን ይችላል። አማቷ የምትጠይቃትን ምራት አስባት፣ እምቢ ማለት ትችላለች?

የእኔ አቋም እንግዲህ፣ ይፈቀድ፣ ግን በጥብቅ ደንብ። ደንቡ ደግሞ ሦስት ቦታ ላይ ይጨክን። አንደኛው ጠበቃዋ ነው። የራሷ፣ እሷ የመረጠችው፣ ወጪው ግን በጥንዶቹ። ካሊፎርኒያ ከ2013 ጀምሮ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ጠበቃ እንዲኖራቸው ታስገድዳለች። ኒው ዮርክም በ2021 በክፍያ የሚደረገውን ስትፈቅድ ይህንኑ አስገብታ ወጪውን በጥንዶቹ ላይ ጣለች። ሌላው ገንዘቡ ነው። ሥራው ሳይጀመር ኤጀንሲው የማይነካው የአደራ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ያኔ ጥንዶቹ ቢጣሉም የሷ ክፍያ ቁጭ ብሏል። ካሊፎርኒያ ይህንንም በሕግ አስገብታዋለች። የቀረው የጤናዋ ነገር ነው። በሰውነቷ ላይ የምትወስነው ራሷ ትሁን፣ ኢንሹራንሷም ልጁ እንደተወለደ አይቋረጥ። ኒው ዮርክ ከወሊድ በኋላ ለ12 ወራት እንዲቀጥል ትላለች። ትክክል ነው፣ የወሊድ ጣጣ ሁሉ በማግስቱ አይታይምና።

ድህነት ያስገድዳቸዋል የሚለው ክርክር ባዶ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት ልዩ ዘጋቢ ሪም አልሳሌም በ2025 ባቀረቡት ሪፖርት ድርጊቱ በሁሉም መልኩ እንዲቀር ጠይቀዋል። እኔም ፋይል ላይ «ለምን ይህን መረጥሽ?» ለሚለው «የቤት ኪራይ» ብላ የጻፈች ሴት አጋጥማኛለች። ያቺን ሴት አልፈን ጥሩ ሕግ አለን ማለት አይቻልም። ግን ብንከለክላት ኪራዩ አይከፈልላትም፣ ጠበቃና ኢንሹራንስ ወደሌለበት ትሄዳለች። ስለዚህ ማጣሪያው ይጥበቅ እላለሁ። ከዚህ በፊት በሰላም የወለደች፣ ሌላ ገቢ ያላት፣ ዕዳ የማያሳድዳት ትሁን። ኤጀንሲዎች ይህን አይወዱትም፣ የሚቀርቡላቸውን ሴቶች ቁጥር ያሳንስባቸዋል።

አንተ ራስህ ልትጀምር አስበህ ከሆነ፣ ፅንስ ከመተላለፉ በፊት ልጁ በምትኖርበት አገር በማን ስም እንደሚመዘገብና ፓስፖርት እንዴት እንደሚያገኝ የዚያን አገር ጠበቃ ጠይቅ። የክሊኒኩን ሳይሆን የራስህን። ገንዘቡ የት ባንክ፣ በማን ፊርማ እንደሚወጣም በጽሑፍ ይስጡህ። ኤጀንሲው «ለእሷ ሌላ ጠበቃ አያስፈልግም፣ ጊዜ ይበላል» ካለህ ሌላ ኤጀንሲ ፈልግ።