ክራርሽን «ደጀኔ» ማለትሽ ነውር የለውም

ልጄ፣ «ክራሬን ደጀኔ ብዬዋለሁ፤ ጓደኞቼ ግን ክራር ሴት ናት እያሉ ይስቁብኛል፤ ነውር ነው ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በሁለት ቃል መልሼ አለፍሁሽ። መሽቶ ነበር፣ አዳራሹንም ሊዘጉብን ነበር። እቤቴ ገብቼ ጋደም ካልሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያሳሰበኝ ያንቺ ክራር አልነበረም፤ ከብዙ ዘመን በፊት የተለየኋት አንዲት ሳክስፎን ናት። ስለዚህ መልሱን በደንብ ልጻፍልሽ፤ እግረ መንገዱንም እንዳንቺ መሣሪያ አንጠልጥለው የሚዞሩ ልጆች ያንብቡት።

የሙዚቃ መሣሪያን ስም ማውጣት ከፈረንጅ የተቀዳ ፋሽን ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የእኛ ሰው ለፈረሱ ስም አውጥቶ ሲያበቃ በዚያው በፈረሱ ስም ሲጠራ የኖረ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት እንዲያ ነው። ጋፋት ላይ ተሠርቶ መቅደላ ድረስ የተጎተተው መድፍ እንኳ ሴባስቶፖል የሚባል ስም ነበረው። መድፍ ስም ካለው ክራር ምን አጠፋች?

እኔ ወጣት ሆኜ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀጠርሁ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። በዚያ ዘመን እንደ እኛ ያለ ሰው የራሱን ሳክስፎን መግዛት የማይታሰብ ነበር፤ መሣሪያው የመንግሥት፣ ትንፋሹ የእኛ ነው። ንብረት ክፍል ሄደህ ሞዴል 22 የሚባለውን የዕቃ መረከቢያ ቅጽ ትፈርማለህ፤ ቁጥር የተቀባበት ሣጥን ይሰጥሃል። ለእኔ የደረሰችኝ ቴነር ሳክስፎን ነበረች። ወርቃማ ቀለሟ የለቀቀ፣ አንገቷ አካባቢ የተበየደች፣ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደነፋት የማይታወቅ። ድምፁን ወደ ላይኛው እርከን የሚያሻግረው የኦክታቭ ቁልፏ ሞላ ስለደከመ እንዳይንቀጠቀጥ በላስቲክ አስሬው ነበር። የቁልፎቹ ቆዳ ስላለቀ ከታች ያሉትን ድምፆች ለማውጣት ሳንባ አይበቃም። በክረምት ቆዳው ሲርስና ሲጣበቅ የሲጋራ ወረቀት በመሐል እያስገባን እናደርቀው ነበር። ማለዳ በብርድ ስትወጣ ድምጿ ዝቅ ይላል፤ እፍ እፍ ብለህ ካላሞቅሃት ከሌላው ጋር አትቃኝም።

በመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ ላይ «ይህቺ ሴትዮ ትንፋሽ አትጠግብም» ብዬ ሳማርር፣ ከጎኔ የነበረው ትሮምቦን ተጫዋች «እንግዲያው ማንጠግቦሽ በላት» አለኝ። በዚያው ጸና። የእሱን ትሮምቦን «አባ ሰንዝር» ይለው ነበር፤ ቧንቧውን ወደፊት ሲሰነዝረው ከፊቱ የተቀመጠው ክላርኔት ተጫዋች አንገቱን ይደፋል። ውሎ አድሮ እኛ ራሱን ሰውየውን አባ ሰንዝር ማለት ጀመርን፤ የደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር ትክክለኛ ስሙን የሚጠራው።

አባ ሰንዝር ስለ ጾታ የራሱ ሕግ ነበረው። ነሐስ ሁሉ ወንድ ነው፤ ሸምበቆ የሚነከስበት ሁሉ ሴት ናት ይላል። ሳክስፎን ከነሐስ ተሠርታ ከእንጨት መሣሪያዎች ጋር የምትመደብ መሆኗን አንስቼ ስከራከረው «ቤተሰቦቿን ትታ የኮበለለች ናት» ብሎ ይዘጋኛል። በሰዓት እላፊው ዘመን ዳንስ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል እኛም እስኪነጋ እንነፋ ነበር። ከመሥሪያ ቤት መሣሪያ ጋር ሌሊት ዳንስ ቤት መገኘት የተከለከለ መሆኑን አሁን ባነሳው የሚከሰኝ አይኖርም መሰለኝ። ወደ ንጋቱ ላይ ተስተናጋጁ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ እኛ ሣጥኖቻችንን ተንተርሰን እንዲህ ያለውን ክርክር እናነሣ ነበር።

ከኦርኬስትራው ስወጣ ክሊራንስ ያስፈልግ ነበር። ንብረት ክፍል ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ ከፈትሁት። ሠራተኛው ጨዋ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል አልወጣውም። መነጽሩን አድርጎ መዝገቡን ገለጠ፣ ቁጥሩን አስተያየ፣ ዕቃ ሲመለስ በሚሞላው ሞዴል 19 ላይ «ሳክስፎን ቴነር፣ ያገለገለ፣ አንድ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ላስቲኩን አየው። መዝገቡን ደግሞ አየ። ቀስ ብሎ ፈታውና «ይህ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። ቁልፏ ወዲያው ተንጠለጠለ። ልግዛት ብዬ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር፤ መመሪያው አይፈቅድም ተባልሁ። እውነቱን ነው፣ መመሪያው አይፈቅድም።

ከዚያ በኋላ በዚያ በር በኩል ማለፍ አስጠላኝ። ታክሲ የምይዘው ከላይኛው መንገድ ሆነ። እንግዲህ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ከዓመታት በኋላ ኦርኬስትራው ሲበተን ያረጁት መሣሪያዎች በጨረታ ተሸጡ፤ ማስታወቂያው የተለጠፈው እዚያው በር ላይ ነበር። ሁሉም ካለቀ በኋላ የድሮ ዘበኛ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ነገረኝ። ከአሮጌ ቧንቧና ከተሰበረ አልጋ ጋር «ብረታ ብረት» ተብለው ባንድ ምድብ በኪሎ ሄደዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርጄ ሱቅ ለሱቅ ጠየቅሁ። አንዱ ነጋዴ «ነሐስ ከሆነ እንኳን እስካሁን፣ ያን ለት ማታም አላደረም» አለኝ።

ያን ሰሞን ስለ ታላላቆቹ ማንበብ የጀመርሁት ለመጽናናት ነው። እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ኤሪክ ክላፕተን «ብላኪ» ያላት ጊታር፣ ያውም ከሦስት አሮጌ ጊታሮች ተገጣጥማ የተሠራች፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በጨረታ 959,500 ዶላር አወጣች። አልተጽናናሁም። የአሜሪካዊው ዘፋኝ የዊሊ ኔልሰን ታሪክ ግን አስቆኛል። ጊታሩን «ትሪገር» ያላት በፊልም ተዋናይ ፈረስ ስም ነው፤ እንግዲህ እንደ እኛ አባቶች መሆኑ ነው። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ንብረቱን በወረሰበት ጊዜ ልጁ ጊታሩን ቀድማ አሽሽታ ሃዋይ ላከችለት። ለእኔ ማንጠግቦሽን የምታሸሽልኝ ልጅ አልነበረችኝም።

ልብ ብለሽ የምታነቢው የአሜሪካዊውን የብሉዝ ጊታር ተጫዋች የቢ. ቢ. ኪንግን ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በብርዱ ወራት አርካንሶ ውስጥ ትዊስት በምትባል ትንሽ ከተማ ሲጫወት፣ አዳራሹ የሚሞቀው በርሜል ውስጥ በሚነድ ጋዝ ነበር። ሁለት ሰዎች ተደባድበው በርሜሉን ገለበጡት፤ ቤቱ ተያያዘ። እሱ ከወጣ በኋላ 30 ዶላር ለምታወጣ ጊታሩ ብሎ ወደ እሳቱ ተመልሶ ገባ። በማግስቱ ጠቡ ሉሲል በምትባል እዚያው በምትሠራ ሴት የተነሣ እንደነበረ ሰማ። ጊታሩን ሉሲል አላት፤ ያንን የመሰለ ቂልነት ዳግመኛ እንዳይሠራ ማስታወሻ እንድትሆነው። ከዚያ ወዲህ የያዛቸው ጊታሮች ሁሉ ሉሲል ነበሩ። እንግዲህ ስሙ ያረፈው በእንጨቱ ላይ አይደለም፤ እንጨት ይለወጣል። ይህን እያመንሁ ግን ከማንጠግቦሽ በኋላ ለገዛሁት ሳክስፎን፣ በራሴ ገንዘብ ለገዛሁት፣ ስም አላወጣሁም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ምክር ካላችሁኝ፣ ተለማመዱ አልላችሁም፤ ይህን የማያውቅ ሙዚቀኛ የለም። ስም ለማውጣት ግን አትቸኩሉ። ያሁን ልጆች መሣሪያው ከካርቶኑ ሳይወጣ ስሙን አሳትመው ይለጥፉበታል፣ ቪዲዮ ይቀርጹበታል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ጥለውት ቡና ሊጠጡ ይሄዳሉ። (እኔም ሳምንት ሳይሞላኝ እንዳወጣሁ አልረሳሁትም። ያ ግን ሌላ ነው፤ ሳንባዬን ጨርሳው ነበር።) በማቃኘት በኩል ግን እናንተ ትበልጡናላችሁ፤ ስልካችሁ ላይ ያለውን መቃኛ እኛ ብናገኝ ኖሮ ስንቱ ዘፈን በተረፈ። ስም ያወጣችሁለትን ደግሞ ቁጥሩንም ጻፉ፣ ፎቶግራፍም አንሡት። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ «ማንጠግቦሽ ጠፋችብኝ» ብትሉ የሚፈለገው ሰው ነው።

በገና ለሚማሩት ግን የተለየ አስተያየት አለኝ። አባቶች አሥሩን አውታር በአሥርቱ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል፤ ያን ሁሉ ምስጢር የተሸከመ መሣሪያ የእኔን የቤት ስም የሚፈልግ አይመስለኝም። አትስሙኝ ብትሉም አልከራከርም።

ወደ ደጀኔ ልመለስ። ክራር ሴት ናት የሚለውን ሕግ ማን ደነገገው? አስናቀች ወርቁም ካሣ ተሰማም የገረፉት ያንኑ ክራር ነው፤ የሁለቱን ደጋግመሽ ስሚና ጾታዋን ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው። ጊታር አብዛኛውን ጊዜ የሴት ስም የሚወጣለት የሚይዙት ወንዶች ስለበዙ ይመስለኛል፤ የሴቶቹ እጅ ሲበዛ ደጀኔዎችም ይበዛሉ። አባ ሰንዝር ቢሰማኝ ይቆጣ ነበር።

የጊታር መቃኛ ቁልፍ ላስገጥምለት ወይ ያልሽውን ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ። አስገጥሚለት። በጨርቅ የተጠቀለለው አውታር ያምራል፣ መድረክ ላይ ግን ያዋርዳል፤ በተለይ በክረምት ቆዳው ሲረግብ በየዘፈኑ መሐል ስታቃኚ ታመሻለሽ። የሚገጥምልሽ ሰው ብቻ ቀንበሩን፣ አውታሩ የሚታሰርበትን አግዳሚ እንጨት፣ እንዳይሰነጥቀው በቀጭን መሰርሰሪያ ይጀምር፤ በወፍራሙ ሲጀምሩ ስንት ቀንበር ሲሰነጠቅ አይቻለሁ።