መልስ፦ በኮትሪሞክሳዞል ዲስክ ዙሪያ ስስ እድገት ሲታይ

ኮትሪሞክሳዞል በተባለው የባክቴሪያ መድኃኒት በተነከረ የወረቀት ዲስክ ዙሪያ ስስ እድገት አይተው ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ ስለሚሞክሩት አዲስ የኢንዛይም ማገጃም አንሥተዋል። «መድኃኒቱን ተላምዷል» ብለው ገና አይጻፉ። በዲስኩ ዙሪያ ያዩት ጭጋግ የመሰለ ስስ እድገት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአጋሩ፣ ማለትም ባክቴሪያው ከሚያድግበት ጄሊ መሰል ምግብ ነው።

ኮትሪሞክሳዞል የሚዘጋው ባክቴሪያው ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን የሚሠራባቸውን ሁለት ኢንዛይሞች ነው። ያለ ፎሌት ታይሚዲን የለም፤ ያለ ታይሚዲን ደግሞ ዲኤንኤ አይሠራም። አጋርዎ ውስጥ ታይሚዲን ካለ ግን ባክቴሪያው መሥራት ሳያስፈልገው የቀረበለትን ያነሳል።

1. ለማጣሪያ የሚያገለግለውን መደበኛ ባክቴሪያ፣ ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ ኤቲሲሲ 29212ን፣ በዚያው አጋር ላይ ዘርተው ዲስኩን ያስቀምጡ። ጥርት ያለ፣ 20 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ዞን (በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ) ካልሰጠ አጋሩን ይቀይሩ።
2. አጋሩ ደህና ከሆነ ስሱን እድገት ይተዉት፤ ጎልቶ የሚታየውን ጠርዝ ይለኩ።

እኔ ይህን ሳላጣራ «አይሠራም» የሚል ውጤት ልኬ፣ በእንክብል መዳን የምትችል ታካሚ መርፌ ተጀመረላት። እስካሁን ይቆጨኛል።

በጥያቄዎ መጨረሻ ስለጠቀሱት አዲስ የኢንዛይም ማገጃም ያው ነው። መግል ውስጥ ከሞቱ ሴሎች ታይሚዲን ይለቀቃል፤ ስለዚህ የአጋር ሳህን ላይ የገደለው ሁሉ እዚያ አይገድልም። ማገጃዎ የሚያስቀረውን ንጥረ ነገር መጀመሪያ ራስዎ ጨምረው ይሞክሩት። ባክቴሪያው እንደገና ካደገ፣ ያ ንጥረ ነገር በሰው ደምና መግል ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ ሳያዩ ወደ አይጥ አይሂዱ።