ስለ ኤፒዱራል ጠይቁኝ

የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ስለ ኤፒዱራል፣ ማለትም የምጥን ሕመም ለማደንዘዝ በጀርባ ስለሚሰጠው መርፌ፣ የገባችሁን ስጋት ጠይቁ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ግን መጀመሪያ እሱን ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ኤፒዱራል አደገኛ ነው?
መልስ፦ ለማን? በምን ሁኔታ? ዘርዘር አድርገው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወገብ ዕድሜ ልክ ያሳምማል ይባላል።
መልስ፦ የተወጋው ቦታ ጥቂት ቀን ሊያም ይችላል። ዕድሜ ልክ የሚለውን ጥናቶች አልደገፉትም።

ጥያቄ፦ እህቴ ከወለደች ወዲህ ቀና ስትል ራሷን ይፈልጣታል፣ ስትተኛ ይተዋታል።
መልስ፦ መርፌው አልፎ የህብለ ሰረሰሩን ሽፋን በስቶት ሊሆን ይችላል። ከ100 እናቶች በ1ዷ ገደማ ያጋጥማል። በሽፋኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በቀዳዳው ሲፈስ ራስ ምታቱ ይመጣል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። ከጠናባት ከክንዷ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ተወስዶ በዚያው በጀርባዋ ይሰጣታል፤ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለማንኛውም ላዋለዷት ይንገሩ። ትኩሳት ካላት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ ወይም ግፊቷ ከጨመረ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ትታይ።

አባል፦ እናቶቻችን ያለ መርፌ ወልደው የለ እንዴ?
ሌላ አባል፦ አንተ አምጠህ ታውቃለህ?
አባል፦ መጨረሻው ኦፕሬሽን ነው ብዬ ነው።
መልስ፦ አይደለም። ኤፒዱራል በኦፕሬሽን የመውለድን ዕድል አይጨምርም። ጭቅጭቁን ተዉትና ወደ ጥያቄው።

ጥያቄ፦ ኢኖክሳፓሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ እወጋለሁ። ይከለክለኛል?
መልስ፦ ይህን ነበር የምጠብቀው። ለመከላከያ በሚሰጠው መጠን ከሆነ ከመጨረሻው መርፌ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለሕክምና በሚሰጠው መጠን ከሆነ 24 ሰዓት ይጠበቃል። መድኃኒቱ እንዲገባበት በጀርባ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ ሲወጣም ሰዓት ይቆጠራል። ደም ካልረጋ በጀርባ ውስጥ ተጠራቅሞ ህብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። በጣም ብርቅ ነው፣ ግን ሽባ ያደርጋል። በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡት፤ የመጨረሻውን መርፌ ሰዓት ጽፈው ይያዙ።

ጥያቄ፦ አስፕሪንስ?
መልስ፦ አነስተኛው መጠን ብቻውን አይከለክልም። ቢሆንም ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ማሳከክና መንቀጥቀጥስ?
መልስ፦ የተለመደ ነው፣ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም?
መልስ፦ ከላይ ያንብቡ እንጂ! ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? እሱን ይመልሱልኝ።

ጥያቄ፦ ትናንት ወለድኩ። እግሬ ተመልሶልኝ ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ ግን እየከበደኝ ነው። ሽንትም እምቢ ብሎኛል። ነገ ልታይ?
መልስ፦ ነገ አይሆንም! አሁኑኑ ሐኪም ያስጠሩ፣ ቤት ከሆኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «ኤፒዱራል ወስጄ ነበር፣ እግሬ እየደከመ ነው» ይበሉ። አስቸኳይ ኤም አር አይ ያስፈልግዎታል። ደም ተጠራቅሞ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ መውጣት አለበት። መልስ አይጻፉልኝ፣ ይሂዱ።