የመታሁት ተርኪ አጥር ተሻግሮ ወደቀ፤ ገብቼ ማንሳቴ ወንጀል ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ የዜግነት ማመልከቻ አስገብቼ ኢንተርቪው እየጠበቅኩ ነው። በጸደይ ወቅት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለዱር ተርኪ (ትልቅ የዱር ወፍ) አደን ወደ አባቱ እርሻ ወሰደኝ። የአደን ፈቃድ አለኝ። አንድ ወንድ ተርኪ መታሁ፤ ግን ወዲያው አልሞተም። ክንፉን እየጎተተ በሽቦ አጥሩ ሥር ሾልኮ የጎረቤት ጫካ ገባ። ሾትገኔን (የአደን ጠመንጃዬን) አጥሩ ጋ ትቼ ተከተልኩት። ስደርስ ሞቶ አገኘሁት። ይዤው ስወጣ የመሬቱ ባለቤት ፎቶ አነሳኝና የዱር እንስሳት ፖሊስ ጠራ። ዛፎቹ ላይ ሐምራዊ ቀለም ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም። ፖሊሱ ቁጥር 18.2-134 የሚል መጥሪያ ሰጠኝ። እኔ ያነሳሁት ራሴ የገደልኩትን ነው። ጓደኞቼ ‹ቅጣቱን ከፍለህ ተገላገል› ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉም በፊት እባክዎ ለመክፈል አይቸኩሉ። በወንጀል መጥሪያ ላይ ቅጣት መክፈል ማለት ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው። የተጠቀሰብዎ ቁጥር ደግሞ እንደ ፓርኪንግ ቲኬት የሚታይ አይደለም። «ክላስ 1 ሚስዲሚነር» ይባላል፤ በቨርጂኒያ ከቀላል ወንጀሎች ሁሉ ከፍተኛው ደረጃ ነው። ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ቅጣት ነው። ዳኛው እዚያ ድረስ ይሄዳል ብዬ አልሰጋም። እኔን የሚያሰጋኝ መዝገቡ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

«የገደልኩት የእኔ ነው» የሚለው ስሜትዎ ይገባኛል። ብዙዎቻችን አገር ቤት የምናውቀውም ይህንኑ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1151ም ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር የእኔ ይሁን ብሎ የያዘ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። የአሜሪካ ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1805 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት አንድ ሰው ሲያሳድደው የነበረውን ቀበሮ ሌላ ሰው ቀድሞ ገድሎ በመውሰዱ የተነሣውን ክርክር ዳኝቷል። ማሳደድ ብቻውን ባለቤት አያደርግም፤ አውሬው የሚሆነው ለያዘው ነው ብሎ ወሰነ። ይህ ፍርድ ዛሬም በየሕግ ትምህርት ቤቱ ይነበባል።

ነገር ግን የእርስዎ መጥሪያ ወፉ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በማን ፈቃድ ገቡ ብሎ ነው። ወፉ የእርስዎ ቢሆን እንኳ መሬቱ የሰው ነው። የቨርጂኒያ ሕግ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። አዳኝን የሚያስገርመው ደግሞ ይኸው ሕግ ለውሻ በር መክፈቱ ነው። ቁጥር 18.2-136 እንደሚለው አደኑ ሌላ መሬት ላይ ከተጀመረ፣ አዳኙ መሣሪያውን ትቶ ውሻውን ወይም ጭልፊቱን ለመመለስ የተከለከለ መሬት ውስጥ መግባት ይችላል። ባለቤቱ ማን ነህ ሲለው ግን ስሙን መናገር አለበት፤ እምቢ ካለ ያ ራሱ ጥፋት ነው። የቆሰለም ሆነ የሞተ ተርኪ ለማንሳት መግባት ይቻላል የሚል ቃል በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

አዳኞች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ሌላ ደንብ አለ። የመቱትን እንስሳ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት ሳያደርጉ እያወቁ እንዲበላሽ መተው ክልክል ነው። «ታዲያ ልተወው ነበር?» ብለው ቢጠይቁ ትክክል ነዎት፤ ጥሩ አዳኝ ያቆሰለውን አይተውም፤ ይህ ኅሊናዎ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ደንቡ ራሱ በግልጽ፣ ይህ ድንጋጌ የሰው መሬት ጥሶ ለመግባት ፈቃድ አይሆንም ይላል። ስለዚህ ጥረትዎ አጥሩ ጋ ሲደርስ መልኩን ይቀይራል፤ በእግር መሄዱ ይቆምና ባለቤቱን ፈልጎ መጠየቅ ይሆናል። ባለቤቱ እምቢ ካለ ወፉ እዚያው ይቀራል። ይከብዳል፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

ሚኒሶታ ያሉ አንባቢዎቻችን «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። እዚያ የክልከላ ምልክት በሌለው የእርሻ መሬት ላይ የቆሰለን አውሬ ለማንሳት በእግር መግባት ይቻላል፤ ባለቤቱ ውጣ ካላለ በቀር። ስለዚህ ከሌላ ስቴት ሰው የሰሙትን ወይም ዩቲዩብ ላይ ያዩትን ይዘው ቨርጂኒያ አጥር አይሻገሩ።

አሁን ወደ መከላከያዎ እንምጣ። ጉዳይዎ ያለቀለት አይደለም። ቁጥር 18.2-134 የሚቀጣው «አደን ክልክል ነው» የሚል ምልክት የተደረገበት መሬት ውስጥ «ለማደን» የገባን ሰው ነው። እርስዎ ሾትገኑን ትተው ነው የገቡት። ጠበቃዎ የገባው ለማደን ሳይሆን የሞተ ወፍ ለማንሳት ነው ብሎ መከራከር ይችላል። ዐቃቤ ሕጉ በበኩሉ ሕጉ አደን ሲል መከታተልንና ማሳደድንም ይጨምራል ይላል። ወፉ ሲገባ በሕይወት ስለነበረ ይህ ክርክር ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ወፉ መቼ ሞተ፣ እርስዎ ምን አዩ፣ ሾትገኑ የት ነበር የሚሉት ነገሮች ትልቅ ዋጋ አላቸው። ሁሉንም አሁኑኑ ለጠበቃዎ ብለው ይጻፉት። ባልደረባዎም ያየውን ያስታውስ።

ቀለሙም መታየት አለበት። ሐምራዊ ቀለም በቨርጂኒያ «አደን ክልክል ነው» ከሚል ጽሑፍ እኩል ነው፤ አላወቅኩም ማለት አያድንም። ግን ሕጉ ለቀለሙ ልክ አውጥቶለታል። ቁመቱ ቢያንስ 8 ኢንች፣ ስፋቱ ቢያንስ 2 ኢንች የሆነ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት፤ መሐሉ ከመሬት ከ3 እስከ 6 ጫማ ከፍታ ላይ ይሁን ይላል። ቦታውንም ወደ መሬቱ የሚያስገቡ መንገዶች ላይና ከሕዝብ መንገድ ጋር በሚዋሰነው በኩል ብሎ ወስኗል። ቀለሙ በዚህ መሠረት ካልተቀባ ክሱ ወደ ቁጥር 18.2-132 ሊወርድ ይችላል። ያ ያለፈቃድ ሰው መሬት ገብቶ ማደን ነው፤ «ክላስ 3» ነው፤ እስር የለውም፤ ጣሪያው 500 ዶላር ነው። ታዲያ እርስዎ ራስዎ ለመለካት ብለው ተመልሰው እንዳይገቡ! ፎቶ ማንሳቱን ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ የሚሠራ ሰው ይሥራው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የኢሚግሬሽኑን ጉዳይ ነው። የዜግነት ቅጹ N-400 ተይዘው ወይም መጥሪያ ተሰጥቶዎ ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ማመልከቻውን አስቀድመው ቢያስገቡም ኢንተርቪው ላይ ይጠየቃሉ። ክሱ ቢሰረዝ እንኳ እውነቱን ይናገሩ፤ የፍርድ ቤቱን የተረጋገጠ ውሳኔም ይዘው ይሂዱ። ሰው መሬት መግባት ብቻውን ዜግነት ያስከለክላል ማለቴ አይደለም። መደበቁ ግን ሊያስከለክል ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ መልካም የሚመስል ስምምነት ነው። «ጥፋቱን እመን፣ ስድስት ወር ምንም አታድርግ፣ ከዚያ ክሱ ይሰረዛል» ሊሉዎ ይችላሉ። ለአሜሪካ ተወላጅ ይህ ግሩም ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ግን ማመንና ከዳኛ የሚጣል ማንኛውም ቅጣት ወይም ገደብ ከተገናኙ፣ ስቴቱ ሰርዞት እንኳ እንደ ጥፋተኝነት ሊቆጠር ይችላል። ከጦር መሣሪያ ጋር የተያያዘ ክስ እንዳይጨመርብዎም ይጠንቀቁ፤ እንዲህ ያለ ጥፋተኝነት ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለዲፖርቴሽን (ከአገር ለመባረር) ሊዳርግ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወንጀል ጠበቃ ለደንበኛው የዲፖርቴሽን ስጋቱን የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ጠበቃዎን ያለ ሀፍረት ይጠይቁት። ጉዳዩን ካላወቀው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

አንድ ጥሩ መንገድ አለ። የቨርጂኒያ ሕግ በአንዳንድ ቀላል ወንጀሎች ተበዳዩ «ረክቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ ከሰጠ ዳኛው ክሱን እንዲሰርዝ ሥልጣን ይሰጠዋል። የእኛ ሽምግልና ዓይነት ነገር ነው። ዳኛው ግን አይገደድም። ይቅርታውን በጠበቃዎ በኩል ይላኩ፤ ሰውየው ምስክር ስለሆነ ራስዎ ደጁ ድረስ ቢሄዱ እንደ ማስፈራራት ሊታይ ይችላል። ከወፉ ጋር የተነሡትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፈው ከሆነ አያጥፉት፤ ማስረጃ ማጥፋት ይመስላል። ሌላም አይለጥፉ።

ወደፊት ሲያድኑ፣ ከመሄድዎ በፊት የአጎራባቾቹን ስልክ ከባልደረባዎ ይውሰዱ። ምልክት ያለው መሬት ላይ ለማደን ባለቤቱ አብሮዎት ካልሆነ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወፍ ለማንሳትም ቢሆን ቢያንስ ቴክስት ያስልኩ። ወፉ የገባበትን ቦታ በዓይንዎ ይያዙ፤ ጥይቱን ከሾትገኑ ያውጡ፤ ይደውሉ። በሌሽ (በማሰሪያ) የተያዘ ፈላጊ ውሻ ለተርኪም ይፈቀዳል፤ እሱም ቢሆን ወደሚፈለግበት መሬት ለመግባት ፈቃድ ካለ ነው። የሞተውን ወፍ ይዘው ጫካ ውስጥ ሲሄዱ ደማቅ ብርቱካናማ ጨርቅ ይጠቅልሉበት፤ ሌላ አዳኝ ተርኪ መስሎት እንዳይተኩስብዎ።

መጥሪያው ላይ መፈረምዎ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ እቀርባለሁ ማለት ነው። ባይቀርቡ ግን ሌላ ክስ ይመጣል። ችሎቱ ያለ ጁሪ በአንድ ዳኛ ይታያል። ውሳኔው ካልተስማማዎ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪውት ኮርት (ወደ በላይኛው ፍርድ ቤት) ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ ጉዳዩም እዚያ እንደ አዲስ ይታያል። እንግሊዝኛ ቢችሉም የሕጉ ቋንቋ ከከበደዎ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግዎ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቀደም ብለው ያስታውቁ፤ እንዲህ ባለ የወንጀል ጉዳይ ክፍያ አይጠየቁም።